አንድ ትልቅ ሙሉ ቁጥር፦ 194,313

ከአዲስ አበባ በሦስት አቅጣጫ የሚወጡ ሦስት መንገዶችን አስቡ። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ሰበታን፣ ወደ አምቦ የሚወስደው ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚዘልቀው ደግሞ ሱሉልታን ያገኛል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። እንግዲህ ከእነዚህ ከተሞች ሦስት ነጋዴዎች ወደ መርካቶ ይመላለሳሉ እንበል። የሰበታው በየ4 ቀኑ፣ የቡራዩው በየ7 ቀኑ፣ የሱሉልታው በየ19 ቀኑ ይመጣል። ዛሬ ሦስቱም በአንድ ሱቅ በራፍ ተገናኝተው፣ ቡና ጠጥተው ተለያዩ። ሦስቱም እንደገና በአንድ ቀን የሚገናኙት ከስንት ቀን በኋላ ነው?

የሰበታውና የቡራዩው ነጋዴዎች በ28ኛው ቀን ይገናኛሉ። የሱሉልታው ግን በዚያ ቀን የለም፤ እርሱ በ19ኛው ቀን መጥቶ ሄዷል፤ ተመልሶ የሚመጣውም በ38ኛው ቀን ነው። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያገኛቸው ለ4ም፣ ለ7ም፣ ለ19ም ያለ ቀሪ የሚካፈል ቀን ብቻ ነው። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቁጥሮች ትንሹ 4 × 7 × 19 = 532 ነው። በሒሳብ ትምህርት ይህ «ትንሹ የጋራ ብዜት» ይባላል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ትንሹ የጋራ ብዜት ሁልጊዜ የቁጥሮቹ ብዜት በሙሉ አይደለም። የሱሉልታው ነጋዴ በየ19 ቀኑ መምጣቱን ትቶ በየ14 ቀኑ ቢመጣ ኖሮ፣ ሦስቱም በ28ኛው ቀን በተገናኙ ነበር፤ 14 ራሱ የ2 እና የ7 ብዜት ስለሆነ አዲስ የሚጨምረው ነገር የለምና። 4፣ 7 እና 19 ግን ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። አንዱ ለሌላው ምንም አይቀንስለትም። ስለዚህ ነው ቀጠሮው እስከ 532 የሚርቀው።

አሁን ቀኑን በዓመት ለውጡት። ነጋዴዎቹን አስወጥታችሁ በሰበታው ቦታ በየ4 ዓመቱ የምትመጣውን ስድስተኛዋን የጳጉሜን ቀን፣ በቡራዩው ቦታ የሳምንቱን 7 ዕለታት፣ በሱሉልታው ቦታ በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ከፀሐይ ጋር የምትታረቀውን ጨረቃ አስቀምጡ። ያን ጊዜ 532 የነጋዴዎች ቀጠሮ መሆኑ ቀርቶ፣ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት «ዐቢይ ቀመር» ወይም «ዐውደ ቀመር» የሚሉት የዘመን ዙር ይሆናል። በዚህ ዙር ውስጥ ያሉት ቀኖች ቁጥር 194,313 ነው። የዚህ ምንባብ ጉዳይም ይህ ቁጥር ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። በእኛ አቆጣጠር ሦስቱ ዓመታት እያንዳንዳቸው 365 ቀን አላቸው፤ አራተኛው፣ ማለትም ዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 366 ቀን አለው። የአራቱ ዓመታት ድምር 1,461 ነው። በ532 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት አራት ዓመታት 133 ጊዜ ይገኛሉ። 133 × 1,461 = 194,313።

ቁጥሩ በፊደል ሲጻፍ «መቶ ዘጠና አራት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ሦስት» ይባላል። በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍ ግን መልኩ ብቻ ሳይሆን አከፋፈሉም ይለወጣል፤ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ይሆናል። በአማርኛ ንግግራችን በሺህ እንከፍላለን፤ የግዕዙ አጻጻፍ የሚከፍለው ግን በመቶና በእልፍ ነው፤ እልፍ ማለት 10,000 ነው። ስለዚህ 194,313 በግዕዙ አጻጻፍ 19 እልፍ፣ 43 መቶ፣ 13 ነው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ አያስፈልገውምም፤ እያንዳንዱ ምልክት ዋጋውን ይዞ ስለሚዞር ቦታ የሚጠብቅለት አይሻም። ጉዳቱ በማባዛትና በማካፈል ጊዜ ይታያል። ፲፱፼፵፫፻፲፫ን ለ፯ በጽሑፍ ለማካፈል የሚሞክር ሰው፣ የቀድሞ ሊቃውንት ሒሳቡን በቃላቸውና በጣታቸው ይሠሩት የነበረበትን ምክንያት ቶሎ ይረዳል። (በሰዋስው በኩልም አንድ ነገር ላስታውስ። ከቁጥር በኋላ የሚመጣው ስም በነጠላ ቢቀር ስሕተት አይደለም፤ «194,313 ቀን» ማለትም «194,313 ቀኖች» ማለትም ይቻላል። ብዛቱን ቁጥሩ ራሱ ተናግሮታልና።)

ወደ ቁጥሩ ጠባይ እንመለስ። አንድን ቁጥር ማወቅ ማለት በመጀመሪያ ለማን እንደሚካፈል ማወቅ ነው። 194,313 በ3 ስለሚያልቅ ለ2ም ሆነ ለ5 አይካፈልም። አኃዞቹ ሲደመሩ 1 + 9 + 4 + 3 + 1 + 3 = 21 ይሆናሉ፤ 21 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ3 ይካፈላል፤ ለ9 ግን አይካፈልም።

ለ7 መካፈሉን ለማወቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት የማይነገር፣ ነገር ግን የሚያምር መንገድ አለ። 7 × 11 × 13 = 1,001 ነው። 1,000 ከ1,001 የሚያንሰው በ1 ብቻ ነው። ስለዚህ 194 ሺህ ማለት 194 ጊዜ 1,001 ሲቀነስ 194 ማለት ነው። በዚህ ላይ 313 ሲጨመር፣ ከ1,001 ብዜት ውጭ የሚተርፈው 313 − 194 = 119 ብቻ ነው። 119 ደግሞ 7 × 17 ነው። እንግዲህ ትልቁ ቁጥር ለ7 ይካፈላል። 119 ለ11ም ለ13ም ስለማይካፈል፣ ትልቁም ለእነርሱ አይካፈልም። ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር በአንድ መቀነስ ብቻ ለሦስት አካፋዮች ተፈተነ ማለት ነው።

ቁጥሩን ለ3 እና ለ7፣ ማለትም ለ21 ስናካፍለው 9,253 እናገኛለን። ይህን ለ19 ማካፈል ከባድ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ 19 × 500 = 9,500 መሆኑን ያስታወሰ ተማሪ ወረቀት አያስፈልገውም። 9,500 ከ9,253 የሚበልጠው በ247 ነው፤ 247 ደግሞ 19 × 13 ነው። 13ን ከ500 ስንቀንስ 487 ይቀራል። ስለዚህ፦

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

487ስ ከዚህ በላይ ይከፈል ይሆን? ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ13፣ ለ17 እና ለ19 በየተራ አካፍላችሁ ሞክሩት፤ ሁሉም ቀሪ ይተዋሉ። ቀጥሎ የሚመጣው 23 ነው፤ 23 × 23 = 529 ስለሆነ ከ487 ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ መፈለግ ድካም ብቻ ነው፤ 23 ወይም ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ፣ ከእርሱ ጋር ሲባዛ 487ን የሚሰጠው ጓደኛው ከ23 ያነሰ ሆኖ አስቀድሞ በተገኘ ነበር። ስለዚህ 487 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ በሒሳብ «ብቸኛ ቁጥር» የሚባለው ነው።

አራቱ ብቸኛ ቁጥሮች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። 3 እና 487 ሲባዙ 1,461 ይሆናሉ፤ ይህ የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን ነው። 7 ሳምንቱ ነው፤ 19 ጨረቃዋ ናት። የቁጥሩን አካፋዮች በሙሉ የዘረዘረ ተማሪ 16 ያገኛል፤ ከእነርሱም መካከል ከባሕረ ሐሳብ ዙሮች ጋር የተዛመዱ ይገኛሉ። 10,227 አንዱ ነው፤ ይህ 7 × 1,461 ሲሆን በ28 ዓመት ውስጥ ያሉት ቀኖች ቁጥር ነው፤ ያም «ዐውደ ፀሐይ» ይባላል። 27,759 ሌላው ነው፤ ይህ 19 × 1,461 ሲሆን በ76 ዓመት ውስጥ ያሉት ቀኖች ናቸው፤ ያም «ማዕከላዊ ቀመር» ነው።

«19 ዓመት የጨረቃ ዙር ከሆነ 76 ለምን አስፈለገ?» የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። 19 ለ4 ስለማይካፈል የ19 ዓመት ቀኖች ሙሉ ቁጥር አይወጣቸውም፤ 6,939 ከሦስት ሩብ ይሆናሉ። ሩብ ቀን ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ አይጻፍም። አራት ጊዜ ሲደጋገም ግን ሩቡ ሞልቶ 27,759 ሙሉ ቀን ይሆናል። እንዲህም ሆኖ 76 ዓመት የሳምንቱን ዕለት አይመልስም፤ 27,759 ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋልና። ሰኞ የነበረው ዐርብ ይሆናል። ይህን ቀሪ ለማጥፋት 7 ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፤ 7 ጊዜ 76 ደግሞ 532 ነው። ከዚህም አንድ የሚያስገርም ነገር ይገኛል፦ በ76 ዓመት ውስጥ ያሉት ቀኖች ቁጥርና በ532 ዓመት ውስጥ ያሉት ሳምንቶች ቁጥር አንድ ነው። ሁለቱም 27,759 ናቸው።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? የፋሲካ በዓል በየዓመቱ ቀኑን ስለሚለውጥ፣ ከእርሱ ጋር ዐቢይ ጾም፣ ዕርገትና ጰራቅሊጦስ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ሦስቱ ዙሮች በሚገናኙበት በ532 ዓመት ግን ሁሉም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ይህን በምሳሌ እንየው።

የ2016 ዓ.ም.ን ፋሲካ እንፈልግ። በባሕረ ሐሳብ ልማድ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ተጨምሮ ዓመተ ዓለሙ ይገኛል፤ 7,516 ይሆናል። ይህን ለ532 ሲያካፍሉት 14 ዐቢይ ቀመር ይወጣና 68 ይተርፋል። 68 ለ76 አይደርስም። ለ19 ሲካፈል 3 ንኡስ ቀመር ይወጣና 11 ይተርፋል። ሦስት ጊዜ ማካፈሉ ለምን አስፈለገ? 19 የ76 አካፋይ፣ 76 የ532 አካፋይ ስለሆነ፣ 7,516ን በቀጥታ ለ19 ብናካፍለውም ቀሪው ያው 11 ነው። ነገር ግን በቃል ለሚያሰላ ሰው ትልቁን ቁጥር ደረጃ በደረጃ ማሳነስ ይቀላል፤ ደግሞም የመጀመሪያው ቀሪ፣ 68፣ ዓመቱ በያዝነው ዐቢይ ቀመር ውስጥ ስንተኛ እንደ ሆነ ይነግረናል። ዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ነውና። ከዚያ በፊት የተወለዱ አያቶች ያሏችሁ ተማሪዎች፣ አያቶቻችሁ ሁለት ዐቢይ ቀመር ያዩ ናቸው።

ከ11 ላይ 1 ሲቀነስ 10 ይቀራል፤ ይህ «ወንበር» ይባላል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው «መጥቅዕ» ነው፤ 190 ለ30 ሲካፈል 10 ይተርፋል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ደግሞ «አበቅቴ» ነው፤ እርሱም 20 ነው። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 መሆኑን ልብ በሉ፤ 19 እና 11 ሲደመሩ 30 ናቸውና ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም። 11 የተባለውም በዘፈቀደ አይደለም፤ ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ሲሆኑ፣ ከ365 የሚጎድሉት 11 ነው።

መጥቅዑ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ሲበልጥ በመስከረም ይውላል። የ2016 መጥቅዕ 10 ስለሆነ ጥቅምት 10 ነው። የዕለቱ ስም ማን ነበር? ዓመተ ዓለሙ ለ4 ሲካፈል 1,879 ይደርሳል፤ ቀሪ የለውምና ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 7,516 እና 1,879 ሲደመሩ 9,395፣ ይህም ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ቀሪው 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 10 ያለው ርቀት 39 ቀን፣ ማለትም 5 ሳምንት ከ4 ቀን ስለሆነ ጥቅምት 10 ቅዳሜ ዋለ። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። 10 እና 8 ሲደመሩ 18። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ቀን ገባ። ተውሳኩ የተሠራው ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ እንዲገባ ነው፤ ከጥቅምት 10 እስከ የካቲት 10 ያለው 120 ቀን 17 ሳምንት ከ1 ቀን ነውና የካቲት 10 እሑድ ይሆናል፤ በላዩ 8 ሲታከል ሰኞ ላይ ይወድቃል። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነው። ከየካቲት 18 ተነሥተን 69 ስንቆጥር ሚያዝያ 27 ላይ እንደርሳለን። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የተከበረውም በዚያው ቀን ነበር።

አሁን 532 ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። 2,016 − 532 = 1,484። በ1484 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ ነበር? እንደገና ማስላት አያስፈልግም፤ ሚያዝያ 27 ነበር። መስከረም 1 ማክሰኞ ነበር፤ ዘመኑም ዘመነ ዮሐንስ ነበር። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ የነገሡት ዐፄ እስክንድር ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ኮሎምቦስ ከስፔን ወደብ ተነሥቶ የምዕራቡን ባሕር ማቋረጥ ጀመረ። ከዚያች ፋሲካ እስከ 2016ቱ ፋሲካ ድረስ በትክክል 194,313 ቀን አለፈ። አንድም አልጎደለ፤ አንድም አልተረፈ።

ይህን ዙር የሚያውቀው የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። የ532 ዓመት ሰንጠረዥ በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አኒያኖስ ከተባለ የእስክንድርያ መነኩሴ ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ በምዕራብም ቪክቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ457 ተመሳሳይ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል። የእኛ ሊቃውንት ባሕረ ሐሳብን በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጡታል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ተመራማሪ የኢትዮጵያን ሥነ ፈለክና የዘመን አቆጣጠር የሚመለከት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትሟል። በሂጅራ አቆጣጠር ደግሞ ፀሐይ ስለማትገባበት ሌላ ቁጥር ይነግሣል፤ በሰንጠረዥ ሲሰላ 30 የጨረቃ ዓመታት 10,631 ቀን ናቸው። 10,631 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ለ7 አይካፈልም፤ ስለዚህ የሳምንቱን ዕለት ለመመለስ 210 ዓመት ይፈጃል።

ቁጥሩ እንዲህ የተሟላ ቢሆንም ሰማዩ በሙሉ ቁጥር አይሄድም። 235 የጨረቃ ወራት ከ19 ዓመት የሚያንሱት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ይህ ለአንድ ሰው ዕድሜ ምንም አይደለም፤ በ532 ዓመት ግን ወደ አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ይጠጋል። የፀሐይ ዓመትም ከ365 ቀን ከሩብ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል፤ ይህም በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ከ4 ቀን ጥቂት ይበልጣል። በአውሮጳ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1582 የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ያ አቆጣጠር ከየ400 ዓመቱ ሦስት ቀን ስለሚቀንስ የ532 ዓመቱን ዙር አፍርሶታል። ዛሬ የእኛ መስከረም 1 በእነርሱ ሴፕቴምበር 11፣ ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ 12 ይውላል። እ.ኤ.አ. 2100 በእነርሱ ዘንድ ተጨማሪ ቀን ስለማይኖረው፣ ከመስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይጨምራል። ማንኛው ይሻላል የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወው፤ የእኔ አስተያየት ግን አንዱ ለሰማዩ፣ ሌላው ለቁጥሩ ታምኗል የሚል ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። በ2009 ዓ.ም. በሰበታ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረ አንድ ልጅ ከትምህርት በኋላ ቀርቦ፣ «መምህር፣ የአባቴን የልደት ዓመት በዚህ ማግኘት ይቻላል?» አለኝ። አባቱ በሥራ መዝገባቸው ላይ የተወለዱት በ1950 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። በዚህ መሠረት በቀጣዩ ዓመት 60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ይወጣሉ። ቤተሰቡ ግን ዓመቱ ስሕተት ነው ይላል። ማስረጃ ምን አላችሁ ብለው ጠየቅሁት። አያቱ፣ «በግርግሩ በዓመቱ፣ ፋሲካ ከማርያም ጋር በዋለች ጊዜ፣ በዚያችው ዕለት ወለድሁት» ይላሉ አለኝ። ከዚህ ሌላ ወረቀት የላቸውም።

ሁለታችን ወንበር ስበን ተቀመጥን። ፋሲካ በሚያዝያ ከማርያም ጋር ዋለች ማለት ሚያዝያ 21 ዋለች ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ሚያዝያ 21 ያለው 230 ቀን፣ ማለትም 32 ሳምንት ከ6 ቀን ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 21 እሑድ እንዲሆን መስከረም 1 ሰኞ መዋል አለበት። ከ1940 እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ መስከረም 1 ሰኞ የዋለባቸው ዓመታት አራት ብቻ ናቸው፦ 1943፣ 1948፣ 1954 እና 1965። ልጁ የአራቱንም ፋሲካ በየተራ አሰላ። 1948 ወደቀ፤ በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 28 ነበረች። ሦስቱ ግን፣ 1943፣ 1954 እና 1965፣ ሚያዝያ 21 ላይ አረፉ። መጥቅዖቻቸው 7፣ 5 እና 4 ናቸው፤ የበዓለ መጥቅዓቸው ዕለታት ማክሰኞ፣ እሑድና ቅዳሜ፤ ተውሳካቸው 5፣ 7 እና 8። በሦስቱም ድምሩ 12 ይሆናል። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ እርሳሱን አስቀምጦ ሳቀ።

ከሦስቱ አንዱን የሚመርጠው ሒሳብ ሳይሆን ታሪክ ነበር። አያቱ «ግርግሩ» ያሉት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ነው። «በዓመቱ» ማለት 1954 ነው። በመዝገቡ የተጻፈውን 1950ንም አሰላነው፤ በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 5 ስለነበረች የዋለችው በአቦ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ለልጁ የነገርሁትን ለእናንተም እነግራችኋለሁ። ስሌታችን አባቱ በ1954 ዓ.ም. መወለዳቸውን አላረጋገጠም። ያረጋገጠው የአያቱ ቃል እርስ በርሱ የማይጋጭ መሆኑን፣ የመዝገቡ ዓመት ግን ከዚያ ቃል ጋር አብሮ ሊቆም የማይችል መሆኑን ነው። አያቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቢሆንም ከሃምሳ ዓመት በላይ በቃላቸው የያዙት የሁለት ነገሮች መገጣጠም ከሠላሳ አንድ ዓመታት ውስጥ ሦስቱን ብቻ የሚያስቀር ነበር። በዚያ ላይ አንድ ግርግር ሲጨምሩበት አንዱ ብቻ ቀረ።

ልጁ ስሌቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ ለአባቱ ወሰደላቸው፤ አባቱም ወደሚመለከተው ክፍል ይዘውት ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ በጽሑፍ የተመዘገበ የልደት ማስረጃ አምጡ የሚል ነበር። መዝገቡ አልተለወጠም፤ በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።